ድንጋዩን ጣሉት፣ ውሻው ይድናል

በመቱም ሆነ በጎሬ መንገድ ላይ ከብልቱ ደም የሚንጠባጠብ ውሻ አይታችሁ ይሆናል። ብዙዎቻችን «ይሄማ አለቀለት» ብለን ድንጋይ እናነሳለን። ተሳስተናል።

ይሄ በግንኙነት ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፍ ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ ሰው ላይ አይጋባም። መነሻውም ከሺህ ዓመታት በፊት የኖረ አንድ ውሻ ነው። ታዲያ የሌላው ውሻ ሰውነት ይህን ባዕድ ሴል ለምን አያጠፋውም? ሴሉ ኤምኤችሲ የሚባሉትን መለያ ፕሮቲኖች ስለሚደብቅ ነው፤ ፊቱን ሸፍኖ እንደሚገባ ሌባ በሉት። ፕሮቲኖቹ ሲገለጡ የሰውነት መከላከያ ይነቃል፣ እባጩም ይሟሽሻል። የሰው ካንሰርም በዚሁ ዘዴ ስለሚደበቅ፣ ተመራማሪዎች ፕሮቲኖቹን የሚገልጥ ሕክምና ይፈልጋሉ።

እስከዚያ ግን እጃችን ባዶ አይደለም። ለልጆች የደም ካንሰር የሚሰጠው ቪንክሪስቲን በሳምንት አንዴ ለጥቂት ሳምንታት ሲወጋ፣ አብዛኞቹ ውሾች ይድናሉ።

ስለዚህ ውሻውን በእጃችሁ አትንኩት፤ የእብድ ውሻ በሽታ አለ። ፎቶ አንስታችሁ ለእንስሳት ሐኪም አሳዩ። ከተሞቻችንም ለመርዝ ሳይሆን ለክትባት፣ ለማምከንና ለዚህ መርፌ በጀት ይያዙ። የሚድንን በሽተኛ በድንጋይ ማባረር ነውር ነው።