የአክስቴ ዕድሜ ስንት ነበር?

በአገራችን ሰው ሲሞት በለቅሶው መካከል አንድ ጥያቄ ሳይነሣ አይቀርም፤ ይኸውም «ዕድሜያቸው ስንት ነበር?» የሚል ነው። አክስቴ በጥር ወር 2007 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ የእድሩ ጸሐፊ ይህንኑ ጠየቀ። ከዘመዶቻችን አንዱ ሰማንያ ነው አለ፤ ሌላው መቶ ሞልቷቸዋል አለ። የቀበሌ መታወቂያቸው ቢታይ የትውልድ ዘመናቸው 1920 ዓ.ም. ይላል። እንግዲያው ሰማንያ ሰባት ይባል ተብሎ ሊጻፍ ሲል፣ አንዲት ጎረቤታቸው «እርሳቸው እኮ ሰማንያ ቀኔ ሞልቶ ክርስትና ሳልነሣ የኅዳር በሽታ ገባ ሲሉ ነው የኖሩት» አሉ።

እኔ ያደግሁት በእኚህ ሴት እጅ ነው። ፈትል ፈትለው ባገኙት ገንዘብ ደብተር ገዝተው ትምህርት ቤት የሰደዱኝ እርሳቸው ናቸው። ይህንንም ቃል በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተጠርጎ በየደጁ ሲጤስ ከአፋቸው ሰምቼዋለሁ። ነገር ግን የአሮጊት ጨዋታ ነው ብዬ አንድ ቀን እንኳ ብዕር አላነሣሁም። ከዚህም የባሰው፣ እኔ ራሴ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ጸሐፊ ሆኜ ብዙ ዘመን መሥራቴ ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው።

ሒሳቡ ግን ቀላል ነበር። ዓለምን ሁሉ ያመሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ ሕዝቡን የፈጀው በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. ነው። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በተወለደች በሰማንያ ቀኗ ስለ ሆነ፣ አክስቴ የተወለዱት ከነሐሴ አጋማሽ 1910 ዓ.ም. ወዲህ መሆኑ ነው። ስለዚህ ሲያርፉ የዘጠና ስድስት ዓመት ሴት ነበሩ። በመታወቂያው ላይ የሰፈረው ዘመን አንድ ጸሐፊ ፊታቸውን አይቶ የገመተው ነው።

«ዘጠኝ ዓመት ቢጎድል ምን ይጎዳል?» የሚል ሰው አይጠፋም። መልሱ እነሆ። ጠላት አዲስ አበባ በገባበት በ1928 ዓ.ም. አክስቴ የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጃገረድ ነበሩ፤ በቆሎና በሶ ቋጥረው፣ ወሬ ይዘው፣ ለአርበኞች ያደርሱ እንደ ነበር አጫውተውናል። በመታወቂያው ዘመን ቢቈጠር ግን ያን ጊዜ የስምንት ዓመት ሕፃን ይሆናሉ። እንግዲህ ወረቀቱን የሚያምን ሰው የእርሳቸውን እውነት ተረት ያደርገዋል። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲከፈትም፣ በስድሳ ዓመታቸው ከልጅ እግር አስተማሪ ፊት ተቀምጠው ፊደል ለዩ። ከዚያ ወዲያ በአውራ ጣታቸው ፈርመው አያውቁም። «ዕድሜዬን ሰው ይጻፈው፤ ስሜን ግን ራሴ እጽፋለሁ» ይሉ ነበር። እኛም የተውልንን ዕድሜ እንኳ በትክክል መጻፍ አቃተን።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ ደንግጎ ነበር፤ ዳሩ ግን አፈጻጸሙ በዚያው ሕግ እንዲቈይ ተደርጎ ብዙ ዘመን አለፈ። ዐዋጅ ቁጥር 760 በ2004 ዓ.ም. ወጥቶ ምዝገባው በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። አሁን የሚወለደው ሕፃን መዝገብ አለው፤ የሽማግሌዎቻችን መዝገብ ግን ቃላቸው ብቻ ነው።

ስለዚህ በጠረጴዛ ፊት የምትቀመጥ ወጣት ሹም ሆይ፣ አንድ አዛውንት «ዕድሜዬን አላውቀውም» ቢሉህ አትገምት። እኔ «ወደ ስድሳ ይሆናሉ» እያልሁ የስንቱን ሰው ዘመን እንዳጐደልሁ እግዚአብሔር ይወቅ። ይልቅስ «ጠላት ሲገባ ምን ያህል ነበሩ? ከብት ይጠብቁ ነበር? ወይስ አግብተው ነበር?» ብለህ ጠይቅ፤ ዕድሜያቸውን በደንብ እንደሚያውቁት ታያለህ። አንተም ተማሪ፣ ለዕረፍት አገር ቤት ስትገባ ደብተርህን ይዘህ ከአያትህ ወይም ከአክስትህ አጠገብ ተቀመጥ። ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። የእኔ አክስት መቃብር ላይ ትክክለኛው ዘመን የተጻፈው አንዲት ጎረቤት ከእኔ ይልቅ ስላዳመጠቻቸው ነው።