ደረቅ አጥር ወይስ ሕያው አጥር?

አትክልት የሚተክል ሰው አስቀድሞ ማጠሩ ግድ ነው፤ ያልታጠረ ጎመን የፍየል ቀለብ ይሆናልና። ጥያቄው «በምን ይታጠር?» የሚለው ነው። ብዙዎች የባሕር ዛፍ አጣና ገዝተው አጣሪ ይቀጥራሉ። እንዲህ ያለው አጥር ፈጥኖ ይቆማል፤ ነገር ግን ከመሬት በታች ያለውን ክፍል ምስጥ ስለሚበላው ብዙ ሳይቆይ ይዘማል፤ ሌላ ዛፍም ያስቆርጣል። ቆርቆሮን ምስጥ አይደፍረውም፤ ዋጋው ግን ከጎመኑ ዋጋ ይበልጣል።

በእኔ አስተያየት ለጓሮ የሚሻለው ሕያው አጥር ነው። የኮሽምና የቀጋ እሾህ ከብት ይከለክላል፤ ፍሬያቸውም ይበላል። ቅንጭብ ከተቆረጠ ቅርንጫፍ በቀላሉ ይጸድቃል፤ ሆኖም ወተት መሳይ ፈሳሹ ዓይንን ክፉኛ ስለሚጎዳ፣ ሕፃናት በሚጫወቱበት ስፍራ መተከል የለበትም።

«ሕያው አጥር እስኪያድግ ዓመታት ይፈጃል» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ችግኙ እስኪጠና ድረስ ደረቁ አጥር ይጠብቀው። ለዚህም አጣሪ ስንመርጥ በአንደበቱ ሳይሆን በሥራው እንመዝነው፤ ክረምት ያለፈበትን አጥሩን ሄደን እንነቅንቀው። ደረቅ አጥር አቁሞ ከሥሩ ችግኝ ያልተከለ ሰው ግን፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያንኑ አጥር ዳግመኛ ማጠሩ አይቀርም።