ደንገሉ የእኛ፣ ጀልባዋ የሌላ

ሰሞኑን ስለ ባሕር የማያወራ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ታክሲ ውስጥም፣ ካፌም፣ ፌስቡክ ላይም ወሬው የባሕር በር ነው። ክርክሩ ተገቢ ነው፤ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት አገር ወደብ ቢያሳስባት አይገርምም። እኔን የሚገርመኝ ግን እጃችን ላይ ስላለው የጀልባ ሙያ የሚያነሳ ሰው መጥፋቱ ነው።

እስቲ አንድ ታሪክ ላስታውሳችሁ። እ.ኤ.አ. በ1969 ቶር ሄየርዳል የተባለ ኖርዌያዊ አሳሽ፣ የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን መሻገር ይችሉ እንደነበር ላሳይ ብሎ ተነሳ። ደንገሉ የተቆረጠው ከእኛው ጣና ነው። ግብፅ ድረስ ተጭኖ ሄዶ ፒራሚዶቹ አጠገብ «ራ» የተባለች ባለሸራ ጀልባ ሆነ። ሠሪዎቹ ግን የጣና ልጆች አልነበሩም፤ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ናቸው። ከሰባት አገር የተውጣጡ ሰባት ሰዎች ከጥንታዊቷ የሞሮኮ ወደብ ከሳፊ ተነሱ። ለሳምንታት እዚያችው ላይ እየበሉ፣ እየተኙ፣ የተበጠሰውን እያሰሩ ኖሩ። በኋላ ግን የጀልባዋ የኋላ ክፍል ውሃ ውስጥ እየሰመጠ አስቸገረ፤ ካሪቢያን ለመድረስ ጥቂት ሲቀራቸው ትተዋት ለመውጣት ተገደዱ።

ምን ጎደላት? በጥንት ግብፃውያን ሥዕል ላይ የጀልባውን ጭራ ወደ ላይ ወጥሮ የሚይዝ ገመድ ይታያል። የገመዱ ጥቅም የገባቸው ባሕር መሐል ከደረሱ በኋላ ነው። ደንገል ሞልቶ ነበር፤ ያነሰው እውቀት ነው።

በዓመቱ «ራ 2» ተሠራች። ደንገሉ አሁንም የኢትዮጵያ፣ ሠሪዎቹ ግን ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ ቦሊቪያውያን። በ57 ቀን ባርባዶስ ገባች።

ኢኮኖሚክስ ለተማረ ሰው ይሄ ታሪክ አዲስ አይደለም። የቡናችን ታሪክ ነው፣ የቆዳችንም። ጥሬ ዕቃውን እኛ እናቀርባለን፣ ሙያውና ስሙ ለሌላ ይሆናል። ዛሬ ቲቲካካ ላይ ጎብኚ ገንዘብ ከፍሎ በደንገል መሰል ሣር በተሠራ ጀልባ ይንሸራሸራል። የእኛ ታንኳ ደግሞ የፖስት ካርድ ፎቶ ሆኖ ቀርቷል።

ሠሪ ስላልነበረን አይደለም። የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ይሄን ሙያ ከትውልድ ትውልድ ይዞት ኖሯል። ደንገሉን መርጦ መቁረጥ፣ ፀሐይ ላይ ማድረቅ፣ ጠበቅ አድርጎ ማሰር ያስፈልጋል። ጥገናውም የዕለት ሥራ ነው፤ ታንኳ ከጉዞ ሲመለስ ከውሃ ወጥቶ መድረቅ አለበት፣ አለበለዚያ ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል። ከዘጌ ባሕር ዳር ድረስ ማገዶ ያመላለሰው ይሄ ታንኳ ነው። የሙያው ባለቤቶች ግን ለዘመናት ተንቀዋል፣ ከሐይቁ ዳርም እየተገፉ ነው። ደንገሉ ራሱ በእርሻ መስፋፋት እየሳሳ ነው፤ እምቦጩ ደግሞ አለ።

የተናቀ ሙያ እንዴት እንደሚተርፍ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገኝም። የምኖረው ሽሮ ሜዳ ነው። ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች «ቁጢት በጣሽ» እየተባሉ ተሰድበዋል። ዛሬ ግን ሠርግና በዓል ሲደርስ ከተማው በሙሉ ጥበብ ፍለጋ ወደ ሽሮ ሜዳ ይወጣል። ሸማኔው የድካሙን ያህል ያገኛል ማለቴ አይደለም፤ ትልቁን ትርፍ ነጋዴው እንደሚወስድ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ቢሆንም ሙያው አልሞተም። ያቆየው የባህል ቀን ንግግር ሳይሆን ገዢ ነው።

ለታንኳም የሚያስፈልገው ገዢ ነው። ጎርጎራ ላይ በገበታ ለሀገር ሪዞርት ተሠርቷል። ጎርጎራ የአፄ ሱስንዮስ ከተማ ነበረች፤ የደብረ ሲና ማርያም ቤተ ክርስቲያንም እዚያው ናት። ከባሕር ዳር በዘጌና በደቅ ደሴት አድርጎ ጎርጎራ የሚደርስ፣ በየመንደሩ እያደረ የሚሄድ የውሃ ጉዞ ማሰብ ይቻላል። ረጅሙን መንገድ የሞተር ጀልባ ይውሰደው፤ በየዳርቻው ያለውን አጭር ሽርሽር ለታንኳ ሠሪዎች ማኅበር ብንተውስ? ሆቴሎቹ በቋሚ ውል ታንኳ ይግዙ፣ ለጥገናም ይክፈሉ። ተሳፋሪው የሕይወት አድን ጃኬት ይልበስ። የደንገሉ ዳርቻም ይከለል፤ ጥሬ ዕቃ ከሌለ ሙያም የለም።

«ክልሉ ሰላም ሳያገኝ ምን ቱሪስት ነው የምታወራው?» የሚለኝ ይኖራል። እውነቱን ነው። ጥይት ባለበት ጎብኚ አይመጣም፣ ያለ ሰላምም ከላይ ያልኩት ሁሉ ወረቀት ላይ ይቀራል። ግን ሙያው ሰላም እስኪወርድ ቆሞ አይጠብቅም። አባት ለልጁ ሳያሳይ ያለፈ ዕለት አብሮ ያልፋል። ቢያንስ ዛሬ በሕይወት ያሉትን ሠሪዎች መዝግቦ፣ አሠራራቸውን ቀርፆ፣ ለሚያሠለጥኑት ወጣት አበል መክፈል ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ እዚያው ሐይቁ ዳር ነው ያለው።

ነገ የባሕር በር ብናገኝ መርከብ መግዛት እንችላለን፤ ገንዘብ ካለ የሚሸጥ አይጠፋም። ታንኳ ሠሪውን ግን አንዴ ካጣነው ከየትኛውም ገበያ ገዝተን አናመጣውም።