የሾፌሩ ኀላፊነትና የባለዕቃው ድርሻ

የአገራችን የገቢና የወጪ ንግድ አብዛኛው ክፍል በጅቡቲ ወደብ በኩል የሚያልፍ መሆኑ ለማንም ነጋዴ የታወቀ ነው። ከወደቡ እስከ አዲስ አበባ 900 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆነው መንገድ ከሚመላለሱት ከባድ የጭነት መኪናዎች መካከል ግን ከነጭነታቸው ተገልብጠው ወይም እርስ በርስ ተጋጭተው የሚቀሩት ጥቂቶች አይደሉም። ዕቃው ጠፋ ሲባል እናዝናለን፤ ዕቃውን ኢንሹራንስ ይተካዋል፤ የሾፌሩንና የመንገደኛውን ሕይወት ግን የሚተካው የለም።

አደጋ በደረሰ ቁጥር «ፍሬን እምቢ አለ» ማለት የተለመደ ሆኗል። ነገር ግን ፍሬን ያለ ምክንያት እምቢ አይልም። ከተወሰነለት በላይ የተጫነ መኪና ረጅም ቁልቁለት ሲወርድ፤ ሾፌሩ ማርሽ ቀንሶ በሞተሩ ኃይል መያዝ ሲገባው በፍሬኑ ብቻ ቢተማመን፤ ፍሬኑ ይግልና የመያዝ ኃይሉን ያጣል። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲሉ በዜሮ ማርሽ የሚለቁትማ መኪናቸውን ለቁልቁለቱ አስረክበዋል ማለት ነው።

የፍጥነትም ነገር እንዲሁ ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 22 ሜትር ይጓዛል፤ ፍጥነቱ ከ40 ወደ 80 ሲያድግ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚወስደው ርቀት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። በዚህ ላይ እንቅልፍ ያላየ ዐይን፤ በጨለማ መንገድ የሚያቋርጥ ግመል፤ ተበላሽቶ የቆመ መኪና ሲነሣ በአስፋልቱ ላይ ተትቶ የቀረ ድንጋይ ሲጨመሩበት ውጤቱ ግልጽ ነው።

መሪውን የያዘው ሾፌሩ ነውና የመጀመሪያው ኀላፊነት የእርሱ መሆኑ አያጠራጥርም። ደክሞት ሳለ የሚነዳ፤ ጎማውንና ፍሬኑን ሳይመረምር የሚነሣ፤ ጥፋቱን በሌላ ሊያላክክ አይችልም። ነገር ግን የሚያስቸኩለው ማነው? ሰነዱ በየጠረጴዛው ብዙ ቀን ሲጓተት ይቆይና፤ የጠፋውን ቀን ሾፌሩ በመንገድ ላይ እንዲመልሰው ይጠየቃል። ቀድሞ ለደረሰ ጉርሻ ይሰጠዋል፤ «የት ደረስህ?» እየተባለ በየሰዓቱ ይደወልለታል።

የወደብ ኪራይ በየቀኑ እየቈጠረ እንዴት አንቸኩል የሚል ነጋዴ ይኖራል፤ ጭንቀቱም እውነተኛ ነው። ሆኖም ሒሳቡን እንመልከት፤ በ60 ፈንታ በ80 ቢነዳ በ100 ኪሎ ሜትር የሚተርፈው 25 ደቂቃ ብቻ ነው። ሰነድን አስቀድሞ ማሰናዳት ግን ሙሉ ቀናትን ያተርፋል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ኀላፊ እንደሆነ ይደነግጋል። የራሱ መኪና የሌለውን ባለዕቃ ይህ ቁጥር ባይጠራው እንኳ ኅሊናው ይጠራዋል።

ስለዚህ የጭነት ውል ስንዋዋል ዋጋውን ብቻ ሳይሆን የሾፌሩን የዕረፍት ሰዓትና የጭነቱን ልክ በጽሑፍ እናስገባ፤ ጉርሻውም ቀድሞ ለገባ ሳይሆን ዕቃውንና ራሱን በደኅና ላደረሰ ይሁን። ዘግይቶ የደረሰ ዕቃ ይሸጣል፤ የሞተ ሰው ግን አይመለስም።