ከገና እስከ ቅበላ ያለው ገበያ

በየዓመቱ የታኅሣሥ ወር በተጋመሰ ጊዜ የቡሬና የፍኖተ ሰላም ሱቆች አንድ ዐይነት መልክ ይይዛሉ። ስኳሩ ወደ ፊት ይወጣል፤ ሻማው፣ ቡናው፣ ኮረሪማውና ጥቁር አዝሙዱ በረድፍ ይቆማል፤ ዋጋውም ከዕለት ወደ ዕለት ከፍ ይላል። የገና ዋዜማ ካለፈ በኋላ ግን ባለሱቁ ትርፉን ቈጥሮ «በዓሉ አለቀ» ይላል። የተረፈውን ዕቃ ወደ ጓዳ ይመልሳል፤ ለጥምቀት ጥቂት ቀሚስና ነጠላ ከሰቀለ በኋላም እስከ ፋሲካ ድረስ የበዓል ደንበኛ አይጠብቅም። ይህ ልማድ ለገዢውም ለሻጩም የማይበጅ ስለ መሆኑ ሐሳቤን ለክቡራን ነጋድያን ላቀርብ እወዳለሁ። በነጋዴ ቤት ደብዳቤ ስጽፍና መዝገብ ስይዝ ብዙ ዓመት ስለ ቈየሁ፣ የምናገረው በሚዛንና በደረሰኝ ላይ ያየሁትን ነው።

አስቀድሞ ወቅቱን እንመልከት። የአውሮፓ ሰው በገና ሰሞን ብርድና በረዶ ከቤቱ ከትቶት ሲውል፣ በእኛ አገር ያ ወራት በጋ ነው። ሰማዩ ጠርቷል፤ ጭቃው ደርቋል፤ የብርም ሆነ የሌሎቹ ወንዞች ውሃ ጐድሎ መሻገሪያው ተከፍቷል። በክረምት ጠያቂ ያጣ ዘመድ ሁሉ የሚጠየቀው በዚህ ጊዜ ነው።

የገጠሩ ሰው የበዓል ጉዞ እንደ ከተሜው ሽርሽር የሚባል ስም የለውም እንጂ ነገሩ ያው ነው። የገና ዕለት ከቅርጫው የደረሰውን ሥጋ ይዞ በቤቱ ይውላል፤ ወጣቱም ከቀትር በኋላ በሜዳ ላይ የገና ጨዋታውን ይጫወታል። ጥየቃው የሚጀመር ከዚያ ወዲያ ነው። ሚስት ወደ ወላጆቿ፣ ባል ወደ አማቶቹ፣ ልጅ ወደ ክርስትና አባቱ ይሄዳል። አገልግሉ በእንጀራና በደረቅ ዶሮ ወጥ ይሞላል፤ ድፎ ዳቦው በነጭ ጨርቅ ይጠቀለላል፤ ጠላው በእንስራ፣ ወይም በዛሬው ልማድ በቢጫው ጀሪካን፣ በአህያ ይጫናል። ከዚያም ጥር 10 ቀን ከተራ፣ በማግሥቱ ጥምቀት፣ ጥር 12 ቀን ቃና ዘገሊላ ይከተላል፤ ታቦታቱ ወደ ውሃ ሲወርዱ ሕዝቡም አብሮ ይወርዳል፤ በሜዳው ላይ ሎሚ ይወረወራል፤ ሸንኮራ አገዳ ይመጠጣል። የጥምቀት በዓል በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ መግባቱ ይታወሳል፤ ሸንኮራ ሻጩ ልጅ ግን መዝገቡን ሳይጠብቅ ቀድሞውንም በቦታው ነበረ። ጥር 21 ቀን አስተርእዮ ማርያም ናት። ጥር 23 ቀን ደግሞ የአገው ፈረሰኞች ፈረሳቸውን ሸልመው በእንጅባራ ሜዳ ይወጣሉ፤ እንጅባራም ከቡሬ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጐዳና ላይ ያለች ስለ ሆነች የእኛም ሰው ወደዚያ ይጓዛል። በዚህ ሁሉ መካከል የጥርና የየካቲት ሠርግ አለ።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን ተረት ባለሱቅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ቀሚስ ሰቃዩም የሚሠራበት በእርሱ ነው። ነገር ግን ቀሚስ በዓመት አንድ ጊዜ ይገዛል። እንግዳ ግን በሄደበት ቤት ሁሉ ባዶ እጁን አይገባም፤ ስኳር፣ ቡና፣ ሳሙና፣ ለልጆች ከረሜላና ብስኩት ይዞ ይገባል። እንግዳ ተቀባዩም እንዲሁ ጓዳው ሳይሟጠጥ ዳግመኛ ይሸምታል።

ከወቅቱ በረከት ሁሉ አብልጬ የምወደው የሽምብራ እሸት ነው። ክረምቱ ሲወጣ ተዘርቶ ጥቁሩ መሬት በያዘው እርጥበት የሚበቅለው ሽምብራ በታኅሣሥና በጥር ለእሸት ይደርሳል። ከነግንዱ ተነቅሎ ጥሬውን ሊፈለፈል ይችላል፤ እውነተኛው ጣዕም ግን በገለባ እሳት ላይ ተለብልቦ፣ ቅርፊቱ ሲጠቁር፣ ውስጡ ግን አረንጓዴ ሆኖ ሲቀር ነው። የበላው ሰው ከንፈሩና ጣቱ ጥላሸት ስለሚይዝ ከየት እንደ መጣ መካድ አይችልም። ልጆች በአውራ ጐዳናው ዳር በእስር በእስሩ ይዘው ለአውቶቡስ ተሳፋሪ ይሸጣሉ። ይህን የምጽፈው አንባቢን ለማስጐምጀት ብቻ አይደለም። ያ ልጅ ከእሸቱ ያገኘውን ብር ይዞ በዚያው ቀን ወደ ሱቅ ይገባልና ነው። ሽምብራን በኩንታል ብቻ የሚቈጥሩ ላኪዎችም እሸቱን መመልከት አይጐዳቸውም፤ የእሸት ገበያ በጠነከረበት ዓመት ወደ ጐተራ የሚገባው ፍሬ መቀነሱ አይቀርም።

ወደ ሒሳቡ እንመለስ። የገናው ጾም ኅዳር 15 ቀን ገብቶ በገና ይፈታል። ከገና እስከ ዐቢይ ጾም ዋዜማ፣ ማለት እስከ ቅበላ፣ ያለው ጊዜ ሕዝቡ ቅቤ፣ እንቁላልና ሥጋ የሚበላበት፣ የሚጠያየቅበትና የሚዳርበት ዘመን ነው። ዐቢይ ጾም ቢፈጥን የካቲት 1 ቀን፣ ቢዘገይ መጋቢት 5 ቀን ስለሚገባ፣ ይህ ዘመን አንድ ጊዜ 32 ቀን፣ ሌላ ጊዜ 66 ቀን ያህል ይሆናል። ልዩነቱ ከአንድ ወር ይበልጣል! በ2016 ዓ.ም. ዘመኑ ዮሐንስ ስለ ነበረ ገና ታኅሣሥ 28 ቀን ውሎ፣ ዐቢይ ጾም መጋቢት 2 ቀን ገባ፤ መካከሉ 64 ቀን ነበረ። በ2017 ዓ.ም. 48 ቀን ሆነ። የ2018 ዓ.ም. ጾም የካቲት 9 ቀን የሚገባ በመሆኑ 40 ቀን ብቻ ነው። በ2019 ዓ.ም. ደግሞ ጾሙ የካቲት 29 ቀን ስለሚገባ 60 ቀን ይሆናል። ረቡዕና ዓርብ፣ የከተራው ገሃድና የነነዌ ሦስቱ ቀን ከዚህ ይቀነሳሉ። እንግዲህ በ40 ቀኑ ዓመትና በ60 ቀኑ ዓመት አንድ ዐይነት ትእዛዝ የሚልክ ነጋዴ በአንዱ ዓመት ዕቃው ይተርፈዋል፤ በሌላው ደንበኛውን ባዶ እጁን ይመልሳል። የሚያስገርመው ባሕረ ሐሳቡ በመስከረም 1 ቀን በቤተ ክርስቲያን ለሕዝብ ሁሉ መነገሩ ነው። ነጋዴውም ቆሞ ይሰማል፤ ወደ ሱቁ ሲመለስ ግን በመዝገቡ ላይ አያሰፍረውም።

ሁለተኛውና የባሰው ነገር ዋጋው የሚወደድበት ቀን ነው። በገና ዋዜማ የገበሬው ኪስ ገና አልሞላም። ብዙው ጤፍ በክምር ላይ ነው፤ አውድማው ገና አልተጠናቀቀም። እጁ ላይ ያለው ጥቂት የበርበሬ ወይም የማር ገንዘብ ነው። እህሉን ወቅቶ፣ አስፍሮና ሸጦ ገንዘብ የሚጨብጠው ወደ ጥምቀትና ከጥምቀትም ወዲያ ነው። እኛ ግን ገንዘብ በሌለው ቀን አስወድደን እንቀበለዋለን፤ ገንዘብ ባገኘ ጊዜ መደርደሪያውን ባዶ አድርገን እንጠብቀዋለን። ከንግድ ብልሃት ጋር ይህ እንዴት እንደሚስማማ ሊገባኝ አልቻለም።

ባለፈው ገና ሰሞን አንዲት የገጠር ሴት ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ቆመው ባለሱቁን «አያ፣ ይህ ስኳር ባለፈው ገበያ በሌላ ዋጋ አልነበረምን?» ሲሉ ሰማሁ። ባለሱቁም «እትዬ፣ በዓል ነው እኮ!» ብሎ መለሰ። እርሳቸውም «በዓሉስ የእኔም አይደለምን?» ብለው ግማሽ ኪሎ ሊገዙ የመጡትን ሩብ ኪሎ አስመዝነው ሄዱ። ባለሱቁ በኪሎው ላይ የጨመረውን ትርፍ አገኘ፤ ግማሹን ሽያጭ ግን አጣ። ይህን ያጣውን በየትኛው ዓምድ እንደሚጽፈው አላውቅም።

በእርግጥ የዋጋ መጨመር ሁሉ የባለሱቁ ክፋት ነው አልልም። ከሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አስመጪው የሚከፍለው ብር እጅግ ጨምሯል፤ ጭማሪውም በየደረጃው ወርዶ ከቡሬ ሱቅ ይደርሳል። ከዚያም ቀደም ብሎ፣ ከ2015 ዓ.ም. የሐምሌ ወር መጨረሻ ወዲህ በክልላችን በተነሣው ውጊያ ምክንያት መንገዱ የማያስተማምን ሆኖ ባለፉት በዓላት ስንት ጭነት በጊዜው ሳይደርስ ቀርቷል፤ ስንት ቤተ ሰብ ወደ ወላጆቹ ሊሄድ አስቦ አገልግሉን ፈትቶ በቤቱ በልቷል። ሰዎች በሞቱበት ጊዜ ስለ ስኳር መጻፍ ቀላል ነገር መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን መንገዱ በተዘጋ ጊዜ በከተማው ውስጥ ያለውን ጥቂት ዕቃ የያዘ ነጋዴ የሚያደርገውን ሕዝቡ ሁሉ ያያል፤ መንገዱ ሲከፈትም አይረሳውም። በዚያን ቀን ስኳሩን በልክ ለሁሉ ያዳረሰና ከመጋረጃ በስተኋላ የደበቀ ሁለቱም ስማቸው በየመንደሩ ይነገራል። «ብድር አለብኝ፤ በዋዜማው ካላተረፍሁ መቼ አተርፋለሁ?» ለሚለኝ ባለሱቅም መልሴ ከላይ የጻፍኋቸው 40ና 60 ቀናት ናቸው።

ስለ ዕቃው ጥራትም ጥቂት ልጨምር። የቡሬ፣ የወምበርማና የጃቢ ጠህናን በርበሬ በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ በየግቢው ተሰጥቶ መሬቱን ሲያቀላው ማየት ራሱ በዓል ነው። ይህን የመሰለ ስም ያለው በርበሬ ተፈጭቶ ባዕድ ነገር ሲገባበት የሚዋረደው አንድ ወፍጮ ቤት ብቻ አይደለም፤ የአገሩ ስም ነው። ስለዚህ ከሩቅ ከተማ የሚያዝዙ ነጋድያን ቢቻላቸው በዛላው እንዲገዙ እመክራለሁ፤ ዛላ አይዋሽም። ቅቤውም እንደዚሁ ነው። አንድ ዓመት ለምሠራበት ቤት ከአንድ አቅራቢ የተገዛ ቅቤ ከላይ ጥሩ ሆኖ፣ ሲነጠር ግን ከድስቱ ሥር እንደ ገንፎ ያለ ነገር ይዞ ተገኘ። የአቅራቢውን ስም እዚህ መጥቀስ አያስፈልግም። ወጡ በእንግዳ ፊት ቀረበ፤ የቤቱ እመቤት እንደ ምን ያለ ኀፍረት እንደ ደረሰባቸው የጐጃም ሰው ሳይነገረው ያውቀዋል። የበዓል ሸመታ ከሌላው ጊዜ የሚለየው በዚህ ነው፤ በተራው ቀን የተበላሸ ዕቃ የሚያውቀው ገዢው ብቻ ነው፤ በበዓል ቀን የተበላሸውን ግን አማት፣ ምራት፣ የክርስትና አባትና ጎረቤት ሁሉ ቀምሰው ያውቁታል፤ «ከማን ሱቅ ነው?» ብለውም ይጠይቃሉ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የንግድ ምክር ቤቱ በየዓመቱ መስከረም ወር በዚህ ጋዜጣ ላይ የገናን፣ የጥምቀትን፣ የነነዌንና የቅበላን ቀን በአንዲት ትንሽ ሠንጠረዥ ቢያወጣ ወጪው የግማሽ ዓምድ ነው። አስመጪዎችና ጅምላ ሻጮች የበዓሉን ጭነት በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሁለት ከፍለው፣ የመጀመሪያውን በታኅሣሥ መጀመሪያ፣ ሁለተኛውን ከጥምቀት በፊት ቢያደርሱ፣ አንዱ መንገድ ላይ ቢቀር እንኳ ሌላው ያድናል። ቡሬ የነቀምት መንገድ ከአዲስ አበባና ከባሕር ዳር መንገድ ጋር የሚጋጠምባት ስለ ሆነች ለዚህ ሥራ የተመቸች ናት። የዘይት ነጋድያንም የጾሙን ዘይት በኅዳር እንደሚያስቡ ሁሉ ለዐቢይ ጾም የሚሆነውን ከቅበላው አስቀድመው ያስቡ፤ በ2013 ዓ.ም. በቡሬ የዘይት ፋብሪካ ስለ ተመረቀ ብቻ መደርደሪያው ራሱ አይሞላም። ባለሱቁም ዋጋውን በወረቀት ጽፎ በበሩ ላይ ይለጥፍ፤ በዋዜማ ያልጨመረ መሆኑን ሰው በዐይኑ ካየ ለጥምቀት ይመለሳል።

በ2019 ዓ.ም. ገና ሐሙስ፣ ጥምቀት ማክሰኞ፣ ቅበላም የካቲት 28 ቀን እሑድ ይውላል። ለ60 ቀን የሚበቃ የስኳር፣ የቡናና የቅመም ትእዛዝ በኅዳር ወር መጀመሪያ ተጽፎ መላክ ይኖርበታል፤ የሁለተኛው ጭነት ደብዳቤም ከመጀመሪያው ጋር በአንድ ፖስታ ቢሄድ ጊዜ ይተርፋል።