ከጎሪላዎቹ ደን ጥቅም የነዋሪው ድርሻ

በሰሜን ሩዋንዳ በቮልኬኖስ ብሔራዊ ፓርክ ግርጌ ያለው ሳቢኒዮ ሲልቨርባክ ሎጅ ለተፈጥሮ ተስማሚ ከሚባሉት ባለ ከፍተኛ ደረጃ ማረፊያዎች አንዱ ነው። ሎጁን የሚያስተዳድረው የግል ኩባንያ ቢሆንም ባለቤቱ ሳኮላ የተሰኘው የአካባቢው ነዋሪዎች ማኅበር ነው። እንግዶች ከሚከፍሉት ሒሳብ ማኅበሩ የሚያገኘው ድርሻ ለነዋሪው የልማት ሥራዎች ይውላል።

ሩዋንዳ እ.ኤ.አ በ2017 የጎሪላ መጎብኛ ፈቃድን ዋጋ ከ750 ወደ 1 ሺህ 500 የአሜሪካ ዶላር ከፍ ማድረጓ ይታወሳል። በዚሁ ጊዜ ከፓርኮች ገቢ ለአካባቢው ኅብረተሰብ የሚመደበው ድርሻ ከ5 ወደ 10 በመቶ አድጓል። አንድን የጎሪላ ቤተሰብ በቀን መጎብኘት የሚችሉት 8 ሰዎች፣ ያውም ለ1 ሰዓት ብቻ በመሆኑ ገቢው የሚያድገው በጎብኚ ብዛት አይደለም።

የተራራ ጎሪላዎች ቁጥር ከ1 ሺህ በላይ በመድረሱ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ በ2018 የስጋት ደረጃቸውን በአንድ እርከን ዝቅ አድርጓል።

ይሁንና ጎሽ ከደኑ ወጥቶ የድንች ማሳውን የሚያበላሽበት አርሶ አደር ጥበቃውን የሚደግፈው ጥቅሙ ቤቱ ሲደርስ ነው። በመሆኑም በፓርኮች ዙሪያ የሎጅ ግንባታ ጥያቄ የሚቀርብላቸው ኃላፊዎች ከሕንፃው ንድፍ እኩል የነዋሪውን የባለቤትነት ድርሻ ሊመረምሩ ይገባል።