የብድሩ ደብዳቤና የፍርድ ቤቱ ደጃፍ

አንድ መንግሥት ካዝናው ተራቁቶ ከውጭ የአስቸኳይ ጊዜ ብድር ሲጠይቅ ገንዘቡ ለብቻው እንደማይመጣ ሠርቶ አደሩ ሕዝብ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኑሮው ያውቀዋል። ደመወዝ እንዲቀነስ፣ የጡረታ አበል እንዲቆረጥ፣ ድጎማ እንዲነሣ፣ የመንግሥት ድርጅት እንዲሸጥ የሚያዝ የቅድመ ሁኔታ ዝርዝር አብሮ ይመጣል። እምብዛም የማይነሣው ጥያቄ ግን ይህ ዝርዝር ከተበዳሪው አገር ሕገ መንግሥት ጋር ሲጋጭ ዳኛው ማን ነው፣ ተበዳዩስ የሚከሰው ማንን ነው የሚለው ነው።

ይህ የንድፈ ሐሳብ ጨዋታ አለመሆኑን የላትቪያ ጡረተኞች በተግባር አሳይተዋል። በባልቲክ ባሕር ዳርቻ የምትገኘው ይህች ትንሽ አገር እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ ፓሬክስ የተባለው ታላቅ ባንኳ ሲንኮታኮት ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት፣ ከአውሮፓ ኅብረት፣ ከኖርዲክ አገሮችና ከሌሎችም በድምሩ የ7.5 ቢሊዮን ዩሮ ብድር ቃል ተገባላት። በማግስቱ ዓመት የወጣው ሕግ ከሐምሌ 1 ቀን 2009 ጀምሮ ከማንኛውም ጡረተኛ አበል 10 በመቶ፣ ጡረታ ወጥቶ ሥራ ከያዘው ደግሞ 70 በመቶ እንዲቆረጥ አዘዘ። ባንኩን ያልመራ፣ ብድሩን ያልተደራደረ፣ ዕድሜውን በሥራ የጨረሰ ሰው የክስረቱ ዕዳ ከፋይ ሆነ ማለት ነው።

ጡረተኞቹ አቤቱታቸውን ለአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት አቀረቡ። ከመንግሥት በኩል ከቀረቡት መከላከያዎች አንዱ ለአበዳሪዎች ቃል ገብተናል የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱ ታኅሣሥ 21 ቀን 2009 በሰጠው ውሳኔ ለአበዳሪ የተገባ ቃል ብቻውን በሕገ መንግሥቱ የተረጋገጠውን የማኅበራዊ ዋስትና መብት ለመገደብ በቂ ምክንያት እንደማይሆን አረጋገጠ። ሕዝቡን ይበልጥ የማይጎዳ ሌላ አማራጭ ስለመኖሩ በቅጡ አለመመርመሩንም ነቀፈ። ከሁሉም በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ግን እንዲህ ያለውን ከባድ ግዴታ ካቢኔው ብቻውን ሊገባው እንደማይገባና ውሳኔው የሕግ አውጪው ምክር ቤት ሊሆን ይገባ እንደነበር የገለጸበት ክፍል ነው። የተቆረጠውም አበል እንዲመለስ ታዘዘ።

በፖርቱጋል የተደረገው ትግል ከዚህ ይበልጥ የተወሳሰበ ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2011 አገሪቱ የአውሮፓ ኮሚሽን፣ የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክና ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት በጋራ በሚከታተሉት ፕሮግራም የ78 ቢሊዮን ዩሮ ብድር ተፈቀደላት። የ2012 በጀት የ13ኛና የ14ኛ ወር ደመወዝ የሚባሉትን የበዓልና የዕረፍት ክፍያዎች ከመንግሥት ሠራተኛውና ከጡረተኛው ነጠቀ። የሊዝበን የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ሸክሙ በእነዚህ ወገኖች ላይ ብቻ መጫኑ የእኩልነትን መርህ ይጥሳል ሲል ወሰነ። ነገር ግን ውሳኔው ለ2012 እንዳይሠራ አደረገ፤ ምክንያቱም ዓመቱ ተጋምሶ ነበር፣ አበዳሪዎቹም ይጠብቃሉ። መብቱ ተረጋገጠለት፣ ገንዘቡ ግን አልተመለሰለትም፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይሏል ይህ ነው።

በሚያዝያ 2013 ፍርድ ቤቱ በዚያው መንፈስ፣ በዚህ ጊዜ ግን ያለ ምሕረት፣ ለሥራ አጥና ለሕመምተኛ ከሚሰጠው ድጎማ ላይ የሚቆረጠውን መዋጮ ጭምር ሻረ። በበጀቱ ላይ 1.3 ቢሊዮን ዩሮ ያህል ጉድለት ተከሠተ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፔድሮ ፓሶስ ኮኤሎ ከሁለት ቀን በኋላ ለሕዝቡ ባሰሙት ንግግር ጉድለቱን ከማኅበራዊ ዋስትና፣ ከጤናና ከትምህርት ወጪ በመቀነስ እንደሚሸፍኑ አስታወቁ። በፊት ለፊት በር የተባረረው ቁረጣ በጓሮ በር ተመልሶ ገባ።

ከዚህ ላይ በመነሣት ፍርድ ቤት በጀት ሊያወጣ አይገባውም የሚሉ አሉ። እንዲያውም ዳኞቹ የራሳቸውም ደመወዝ ተቆርጦ ስለነበር ገለልተኛ አልነበሩም እስከማለት ተደርሷል። ዳኛ ካዝና እንደሌለው አይካድም። ይሁን እንጂ ችግሩ ያለው ከዳኛው ዘንድ አይደለም። ዳኛው መያዝ የቻለው የአገሩን ሕግ ብቻ ነው፤ ሕጉን ያስወጣው እጅ ግን ከእርሱ ሥልጣን ውጭ ተቀምጧል።

የዚህን አሠራር ምሥጢር መረዳት ያሻል። በዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ወግ መሠረት ቅድመ ሁኔታዎቹ የሚጻፉት አበዳሪው ለተበዳሪ በሚሰጠው ትእዛዝ ሳይሆን ተበዳሪው መንግሥት ለድርጅቱ በሚልከው የፍላጎት መግለጫ ደብዳቤ ነው። በመልኩ ሲታይ የደብዳቤው ደራሲ ተበዳሪው ራሱ ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው መመሪያ የብድር ዝግጅቶቹ ዓለም አቀፍ ስምምነቶች አለመሆናቸውን፣ ስለዚህም የውል ጠባይ ያለው ቋንቋ እንደማይጠቀም በግልጽ አስፍሯል። ውል ካልሆነ ውል ፈረሰ ብሎ የሚከስ አይኖርም፤ ስምምነት ካልሆነም ምክር ቤት ያጽድቀው የሚል ክርክር ይዳከማል። በዚህም ላይ እ.ኤ.አ. በ1944 ብሬተን ዉድስ ላይ የተነደፈው መተዳደሪያው ድርጅቱን ከፍርድ ቤት ክስ ነጻ ያደርገዋል።

የአውሮፓው በርም ቢሆን በቀላሉ አልተከፈተም። የፖርቱጋል ባንክ ሠራተኞች ማኅበራት ያነሡት ጉዳይ ከፖርቶ የሥራ ክርክር ፍርድ ቤት ወደ ሉክሰምበርግ ቢላክም የኅብረቱ ፍርድ ቤት በመጋቢት 2013 ሥልጣን የለኝም ብሎ መለሰው። በሩ ገርበብ ያለው በመስከረም 2016 ነው፤ የአውሮፓ ኮሚሽን የብድር መግባቢያ ሰነድ ሲፈርም የኅብረቱን የመሠረታዊ መብቶች ቻርተር የማክበር ግዴታ እንዳለበት፣ ቢጥስም ካሣ ሊጠየቅ እንደሚችል ተፈረደ። ይህን ያስወሰኑት በቆጵሮስ ባንኮች ገንዘባቸው የተቀነሰባቸው አስቀማጮች እንጂ ጡረተኞች አልነበሩም። እነርሱም መርሁን አገኙ እንጂ ክሱን ተረቱ።

ጉዳዩ እኛንም ይመለከታል። አገራችን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከዚሁ ድርጅት ጋር የ3.4 ቢሊዮን ዶላር የአራት ዓመት ፕሮግራም ጀምራለች፤ የውጭ ምንዛሪ ተመንም በገበያ እንዲወሰን ሆኗል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 83 የሕገ መንግሥት ክርክርን የመወሰን ሥልጣን የሰጠው ለዳኞች ሳይሆን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። የላትቪያ ጡረተኛ የተጓዘበት መንገድ በእኛ ዘንድ የሚያደርሰው ከሕዝብ እንደራሴዎች ፊት ነው ማለት ነው፤ እንደራሴ ደግሞ መራጭ አለው። የመንግሥታችን የፍላጎት መግለጫ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ታትሞ በድርጅቱ ድረ ገጽ ይገኛል። በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን ተተርጉሞ በቀበሌ ስብሰባና በሠራተኛ ማኅበር አዳራሽ መነበብ ይኖርበታል፤ የሚቀጥለው ደብዳቤም ከመፈረሙ በፊት።